በክብ ማኅተም መሐል ምን ይቀመጥ?

ቆቦም ሆነ ሌላ ከተማ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ዋጋ የሚያገኘው ክቡ ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ፊርማውና ቲተሩ ቢሟሉም ሐምራዊው ክብ ከሌለ ባለጉዳዩ «ማኅተም የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ሰው በየቀኑ የሚያየው የመንግሥት ሥዕል ይኸው ነው፤ በጠርዙ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይዞራል፣ መሐሉ ለዓርማ ይተዋል።

መሐሉን የያዘው ሥዕል ከመንግሥት ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል። የዐፄ ምኒልክ ማኅተም ዘውድ የደፋ፣ መስቀል የያዘ አንበሳ ነበረው። ደርግ መጀመሪያ ዘውዱን አወለቀ፣ ቆይቶ አንበሳውን ራሱን አሰናበተ፤ በፓርቲው በኢሠፓ ዓርማ ላይም ማጭድና መዶሻ መጣ። በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ባለጨረር ኮከብ የታወጀው በ1988 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ እንዲኖራቸው ፈቅዷል፤ ኦሮሚያ የኦዳን ዛፍ የመረጠው በዚሁ ነው። ዛፉን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል።

በዓርማ ላይ የሚሳሉ የስንዴ ዛላና የማሽን ጥርስ ግን እንዲህ አይናገሩም። ብዙ ሶሻሊስት አገሮች የተጋሩት ጌጥ ነው፤ ቻይና ዛሬም በዓርማዋ ላይ ሁለቱንም ይዛለች። የስንዴ ዛላ ቆቦ ላለችበት ለራያ ቆላ ምኑ ነው? እዚህ የሚበላው ማሽላ ነው። ፍሬው ሲከብደው አንገቱን የሚደፋ ዛላ፣ ከአጠገቡ ወፍ የሚጠበቅበት የእንጨት ማማ፣ ከኋላ የዞብል ተራራ፣ ከሥር ጎሊና ወንዝ፤ ቆቦን ለማስታወቅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አራቱንም አንድ ላይ ማጨቅ ግን ስሕተት ነው።

ምክንያቱም ማኅተም ጠባብ ነው፤ መሐሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀለሙም አንድ ስለሆነ በኮምፒውተር ላይ ያማረው አረንጓዴና ቢጫ እዚያ አይደርስም። ቀጫጭን መስመሮች ቀለም ሲበዛባቸው ይደፈናሉ፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቢሳል ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ኮከቡ በማኅተም ላይ የሚያዋጣው መስመሩ ቀጥ ያለና ጥቂት በመሆኑ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ አንድ የማሽላ ዛላ፣ ከኋላው የተራራ መስመር፣ በቃ። ዓርማ የምታስነድፉ የከተማ አስተዳደሮች ሆይ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት ንድፉን በተራ ወረቀት ላይ በሐምራዊ ቀለም አሳትሙና ተመልከቱት።