የጭስ ማውጫው ሲያጓራ

አንባቢዬ ሆይ፤ አሮጌ መኪና ያለው ዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ካለዎ፣ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ወይፈን የሚያጓራውን ድምፅ ሳይሰሙት አይቀሩም። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ብዙ ሰው «ማርሚታው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሁለቱን የጭስ ቱቦዎች በብሎን የሚያገናኘው፣ መካኒኮች ፍላንጅ የሚሉት ብረት ነው።

ድምፁስ ይሁን፤ ጎረቤት ይታገሠዋል። የሚያስፈራው በዚያ ቀዳዳ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መኪናው ውስጥ የገባበት ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ይጫነዋል። ከኋላ ወንበር የተኛ ሕፃን እንቅልፉ የድካም ይሁን የመርዝ ማን ይለየዋል? በስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ መስኮት ሳይዘጋ የሚጓዝ የለም።

ዝገቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከራሱ ከቤንዚኑ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረዥም መንገድ የሚሄድ መኪና ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከቤት ገበያ ብቻ የሚመላለሰው ግን ውሃው ውስጡ ይቀርና ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ አዳማ ደረቅና ሞቃት ናት ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

አሮጌውን ልለውጥ እንዳይሉ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ያለችውን መጠገን ነው።

ሥራው በቤት ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹም በታኮ ይያዙ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ከቶ አይግቡ፤ የብረት መደገፊያ ከሌለዎ ለጋራዥ ይተዉት። የዝገት ፍርፋሪ ዓይን ውስጥ ይወድቃልና መነጽር ያድርጉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ብሎን መፍታት ነው። በዋዜማው ማታ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጡት። ጧት በቺያቬ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ያንቀሳቅሱት። ዳዶው ከተላላጠ ጉልበት ከመጨመር በሴጌቶ ቆርጦ መጣል ይሻላል። (ዳዶ፣ ቺያቬ፣ ክሪክ፣ ማርሚታ፤ የጋራዣችን ቋንቋ እስከ ዛሬ ጣልያንኛ ነው።)

ፍላንጁ ሲወልቅ የቱቦውን ጫፍ በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ካልተፈረፈረና ጫፉ ወደ ውጭ የተገለበጠ ከንፈር ካለው ዕድለኛ ነዎት። ልኩን በካርቶን ቀርጸው ለብረት ሠራተኛ ይስጡት፤ ከወፍራም ላሜራ ለሁለት የተከፈለ ፍላንጅ ይሠራልዎታል። ሁለቱ ግማሾች ቱቦውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው በብሎን ስለሚያያዙ ብየዳ አያስፈልግም። ቱቦው ከፈረሰ ግን እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ መበየድ አለበት፤ ይህን ለበያጅ ይተዉለት፤ ከሰልባትዮው አጠገብ እሳት ቀልድ አይደለም።

ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው አንዴ ተጨፍልቋል። የነሐስ ዳዶ ካገኙ ዝጎ አይጣበቅም። ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ።

ከዚያ ሞተሩን በተዘጋ ቤት ሳይሆን በደጅ ያስነሡ። ረዳትዎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሲያፍነው መገጣጠሚያው «ፍስስ» ካለ፣ ገና ነው። ዝም ካለ ሞጆ ደርሰው ይመለሱና ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፤ ብረት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይላላልና።