በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ የጋራ ሐቅ፦ ኢንተርኔትን በፍትሕ መካፈል እንዴት ይቻላል?



በጎንደር ማራኪ ካምፓስ አካባቢ አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ አራት ተማሪዎችን እናስብ። እኩል አዋጥተው በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያደርስ መስመር አስገብተዋል። ከዒሻ በኋላ አንደኛው ሒፍዙን በድምፅ ጥሪ ለኡስታዙ ያሰማል። ሁለቱ የትምህርት ቪዲዮ ይከታተላሉ። አራተኛው በቶረንት ትልቅ ፋይል ያወርዳል። ወዲያው የኡስታዙ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ቪዲዮውም ይቆማል። ሁሉም «ኔትወርኩ ደክሟል» ይላል። እውነቱ ግን የአከፋፈል ችግር ነው።

ነገሩን በቦኖ ውሃ እንየው። ሦስት ቤተሰብ አንድ አንድ ጀሪካን አሰልፏል፤ አራተኛው ግን 17 ጀሪካን ደርድሯል። ተራው በጀሪካን ከተቆጠረ ማን እንደሚወስደው ግልጽ ነው። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ቶረንት በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት ይከፍታል። 17 ከፈተ እንበል። መስመሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት እኩል ከተካፈለ፣ የድምፅ ጥሪው ከሚፈልገው 0.1 ሜጋ ቢት በኋላ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ 0.5 ገደማ ይደርሳል፤ አውራጁ ግን ወደ 8.9 ይወስዳል። ክፍያው እኩል፣ ድርሻው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

የድምፅ ጥሪው የሚበቃውን እያገኘ ለምን ተቆራረጠ? ተራው ስለዘገየ ነው። ትንሿ የድምፅ መልእክት ከአውራጁ ረጅም ሰልፍ ጀርባ ትቆማለች፤ ስትደርስ ጊዜዋ አልፏል።

መፍትሔው ተራውን በጀሪካን ሳይሆን በቤተሰብ መቁጠር ነው። ጆን ኔግል የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ሰልፍ ይኑረው፤ ከየሰልፉ በተራ አንድ አንድ መልእክት ይለፍ። ነገር ግን ባለ 20 ሊትርና ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እኩል ተራ ቢያገኙ አሁንም ሚዛኑ ይጎድላል። ስለዚህ በ1989 ዴመርስ፣ ኬሻቭና ሼንከር የተባሉ ተመራማሪዎች ሥሌቱን በመልእክት ብዛት ሳይሆን በመጠን አደረጉት፤ ማለትም በሊትር።

በዚህ አሠራር የድምፅ ጥሪው 0.1 ወስዶ የቀረው 9.9 ለሦስቱ ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 3.3። ቪዲዮዎቹ 2 ብቻ ከበቃቸው ትርፉ ለአውራጁ ያልፍና 5.9 ያገኛል። ፍትሕ ማለት ሁሉም በግድ እኩል ይውሰድ ማለት አይደለም፤ ማንም የሚፈልገውን ድርሻ ሌላው እንዳይነጥቀው መጠበቅ እንጂ። የማይፈለግ ድርሻም አይባክንም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ራውተራችሁ ይህን አከፋፈል የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። «ኬክ» የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ አለ፤ በኦፕን-ደብሊውአርቲና በአዳዲስ የማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ ይገኛል። መጀመሪያ በመሣሪያ፣ ከዚያም በመሣሪያው ውስጥ ባሉ ግንኙነቶች እንዲያካፍል አድርጋችሁ አስተካክሉት።

ሁለተኛ፦ ፍጥነቱን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ 10 ከሆነ 9። አለዚያ ሰልፉ የሚፈጠረው ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ እዚያ ደግሞ ተራ ማስያዝ አትችሉም።

ሦስተኛ፦ ራውተሩ ይህን ካልቻለ የቶረንቱን ፍጥነትና የግንኙነት ብዛት በፕሮግራሙ ውስጥ ገድቡ፤ ወይም ማውረዱን ሌሎች ከተኙ በኋላ አድርጉት። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሆኖም መሣሪያ ሁሉንም አይፈታም። ራውተር የሚያየው ስልክና ላፕቶፕን እንጂ ሰውን አይደለም። ስልክም ላፕቶፕም ያለው ሰው ሁለት ቤተሰብ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ስምምነትና የአላህ ፍራቻ ነው።

ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲቀራ ሐሳባችን ወደ ገበያ ሚዛን ይሄዳል። የፊቅህ ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እየተውን፣ አንድ ነገር ግን እናስታውስ፦ በጋራ በተከፈለበት መስመር ላይ የወንድማችን ድርሻ ሐቁ ነው። አላህ ሐቅን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።