«እጅግ ፈጣን» ወይስ «እጅግ አጭር»? ስለ አንድ የሌዘር ስያሜ

የሳይንስ ስያሜ ወደ አማርኛ ስንመልስ ከቃሉ መልክ ይልቅ የነገሩን ግብር መከተል ይገባናል። «አልትራፋስት ፋይበር ሌዘር» የተባለውን መሣሪያ «እጅግ ፈጣን የቃጫ ሌዘር» ብንለው፣ «ቃጫ» ገመድ የሚገመድበትን ጭረት ያስታውሳል፤ «ፈጣን» ደግሞ ብርሃኑ ከሌላ ብርሃን ቀድሞ የሚደርስ ያስመስላል። ከአዲስ አበባ እስከ ጫንጮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የመስታወት ክር ብንዘረጋ፣ የዚህም ሆነ የሌላው ሌዘር ብርሃን የሚደርሰው በሰከንድ 5,000ኛ እጅ ገደማ ነው። ልዩነቱ በምቱ ማጠር ላይ ነው።

እንዲህ ያሉት ሌዘሮች በአብዛኛው ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ያመነጩ ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ግን በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍሎራይድ መስታወት ክር የሞገድ ርዝመቱ 635 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን አግኝተው ምቱን ወደ 168 ፌምቶ ሰከንድ አሳጥረዋል። በዚህ ጊዜ ብርሃን የሚጓዘው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

አጭር ምት ሙቀቱ ወደ ዳር ሳይዛመት ይቆርጣል፤ «ፈጣን» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ግን ይህን ምክንያት አያገኘውም። «የሚታይ ሌዘር» ማለትም የሚታየው መሣሪያው ያስመስላል። ስለዚህ «ሌዘር» በተውሶነቱ ጸንቶ፣ «የሚታይ ብርሃን አመንጪ ባለአጭር ምት የክር ሌዘር» ቢባል እንመርጣለን።