«ክላውድ»፦ ከዐለት የተወለደው ደመና

ስልካችን ማከማቻው ሞልቷል ሲለን ፎቶውን «ክላውድ ላይ ጫነው» እንባባላለን። ቃሉ እንግሊዝኛ መሆኑን፣ ፍቺውም ደመና እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሲወለድ ግን ከሰማይ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ክሉድ» ማለት ዐለት ወይም ኮረብታ ነበር። ደመናን የሚጠሩት «ወልከን» በሚል ሌላ ቃል ሲሆን፣ ጀርመኖች ዛሬም ደመናን «ቮልከ» የሚሉት ከዚያው የዘር ሐረግ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሰማይ የተቆለለውን ነገር በዐለቱ ስም መጥራት ጀመሩ፤ አዲሱ ስም እየተለመደ ሄዶ አሮጌውን ከዕለት ንግግር አስወጣው። «ስካይ» የሚለው የሰማይ መጠሪያቸው ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የተወሰደ ነው፤ በእነዚያ ቋንቋ ፍቺው ደመና ነበር።

በክረምት ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በላይ የሚከመረውን ደመና ያየ ሰው በዐለት መጠራቱ አይደንቀውም። ክብደቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በፀሐያማ ቀን የምናየው ነጭ ክምር ደመና በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ውሃው 500 ቶን ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት የማይወድቅብን ጠብታዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ነው፤ የአንዱ ስፋት የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ያህል ነው። ቁልቁል የሚወርዱት በዝግታ ስለሆነ ከታች የሚነሣው ሞቅ ያለ አየር ይዟቸው ይቆያል።

ደመናን በየዓይነቱ ስም ያወጣለት ሉክ ሃዋርድ የተባለ የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1802 በአንድ አነስተኛ የሳይንስ ማኅበር ፊት ቀርቦ ደመናን በላቲን ስሞች ከፈለው፦ «ሲረስ» የፀጉር ዘለላ፣ «ኩሙለስ» ክምር፣ «ስትራተስ» ንጣፍ፣ «ኒምበስ» የዝናብ ደመና። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ላማርክም የራሱን ስሞች በፈረንሳይኛ አቅርቦ ነበር፤ ያሸነፉት ግን ላቲኖቹ ናቸው። ገጣሚው ጎተ በሃዋርድ ሥራ ተደስቶ ግጥም ጽፎለታል። ዛሬ አብራሪዎች የሚሸሹት፣ መብረቅና በረዶ የሚያወርደው «ኩሙሎኒምበስ» ከሃዋርድ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው።

ከአየር ጠባይ ወጣ ስንል ቃሉ መልኩን ይለዋውጣል። እኛ ለየብቻው ስም የሰጠነውን እንግሊዝኛ በአንዱ ያጠቃልለዋል። ያልተጣራ ጭማቂ እኛ ዘንድ ድፍርስ ነው፤ እነሱ ደመናማ ይሉታል። የዓይን ሞራ የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ስለ ዓይኑ ሌንስ የሚነገረው በዚያው ቃል ነው። ሰማይ የሚጋርድ የአንበጣ መንጋም ደመና ይባላል። ስሙ በሐሜት የተነሣ፣ ገና ያልጠራ ጥርጣሬ ያለበት ባለሥልጣን «ደመና ሥር ነው» ይባላል። ሰው ሲከፋው ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ በእነሱም በእኛም ፊቱ ይዳምናል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ የምስክሮች ብዛት በደመና መመሰሉ ደግሞ ለሁለታችንም ከግሪኩ የመጣ ነው።

የኮምፒውተሩ ክላውድ መነሻው ሥዕል ነው። የኔትወርክ መሐንዲሶች ንድፍ ሲሠሩ የራሳቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ይሥሉና፣ ከእነሱ ውጭ ላለውና ዝርዝሩ ለማያስፈልጋቸው መስመር የደመና ቅርጽ ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን የማከማቻና የኮምፒውተር ጉልበት ኪራይ ሲጀምር፣ የጉግሉ ኤሪክ ሽሚትም በዚያው ዓመት ነሐሴ ቃሉን በአደባባይ ሲጠቀምበት፣ የንድፉ ምልክት የንግድ ስም ሆነ።

ስያሜው ያምራል፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይደብቃል ባይ ነኝ። የላክነው ፎቶ አየር ላይ አይንሳፈፍም። በባሕር ሥር ጭምር በተዘረጋ የመስታወት ገመድ ተጉዞ መጋዘን የሚያህል ሕንፃ ውስጥ ይገባል። እዚያ መደርደሪያ ሙሉ ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣ አይለያቸውም፤ መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር ይነሣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ጆሃንስበርግ፣ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 ኬፕታውን እንዲህ ያሉ ማዕከላት ከፍተዋል። ስለዚህ ክላውድ ምንጊዜም አድራሻ አለው፤ የሚገዛው የአገር ሕግ አለው፤ ኪራይ የሚሰበስብ ባለቤት አለው። ውል ስንፈርም ፋይላችን የት አገር እንደሚቀመጥና ክፍያ ቢቋረጥ ስንት ቀን እንደሚጠብቀን መጠየቅ መብታችን ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ ፎቶው አልከፈት ሲልም ጠፋ ብለን አንደንግጥ፤ የተዘጋው መንገዱ ነው፣ ፎቶው ካለበት መደርደሪያ አልተነቃነቀም።