በወለጋ ከተሞች ለኮሌጅ የሚደረገው ዝግጅት ከ9ኛ ክፍል መጀመር ስላለበት

አንድ ተማሪ ለኮሌጅ መዘጋጀት የሚገባው መቼ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው «12ኛ ክፍል ሲደርስ» ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች፣ ማለት በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆና በሻምቡ፣ የነገሩ መሠረት የሚጣለው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል መሆኑን ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የማስተማሪያው ቋንቋ በዚያ ጊዜ መለወጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ድካሙን የሚያውቅበት አገር አቀፍ ፈተና በመካከል አለመኖሩ ነው።

፩. ስለ ቋንቋው መለወጥ

በወለጋ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር የቆየ ታሪክ አለው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተመ በኋላ፣ በ1904 ወደ ነቀምት መጥቶ ማስተማር ጀምሯል። መጽሐፉም የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ኋላ ግን በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመቶችና በደርግ ዘመን፣ የመንግሥት ተማሪ ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ ከተመረጠ ወዲህ፣ በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆኗል፤ እንግሊዝኛ የሳይንስና የሒሳብ ማስተማሪያ የሚሆነው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው።

ስለዚህ የቀድሞው ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲደርስ በእንግሊዝኛ መማርን ሁለት ዓመት ለምዶ ነበር፤ የዛሬው ግን ልምምዱንና አዲሱን ትምህርት ባንድ ቀን ይጀምራል። ይህን ስንል በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ጉዳት አለው ማለታችን እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልን። እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር የተደረገው ጥናት፣ 8 ዓመት ሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ጉድለቱ በወንዙ ወዲህ ማዶ ወይም ወዲያ ማዶ ሳይሆን በድልድዩ ላይ ነው።

ችግሩ በፊደል ይጀምራል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ ተማሪው የእንግሊዝኛን ፊደል ቀድሞ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ድምፁ አንድ አይደለም። «ሲ» የተባለው ፊደል በቁቤ «ጭ»፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ሆኖ ይነበባል። በቁቤ ቃሉ እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ በእንግሊዝኛ ግን አጻጻፉና አነባበቡ ብዙ ጊዜ አይስማሙም።

ከፊደል የሚብሰው የቃል ችግር ነው። ተማሪው 8ኛ ክፍል ላይ «ሁምነ» ብሎ ያጠናውን 9ኛ ክፍል ላይ «ፎርስ» ተብሎ፣ «አኒሳ» ያለውንም «ኤነርጂ» ተብሎ ያገኘዋል። «ሁምነ» በተራ አነጋገር ጉልበትንም፣ ኃይልንም፣ ብርታትንም ይጨምራል፤ እንግሊዝኛው ግን ለየብቻ ስም ይሰጣቸዋል። ተማሪውም ነገሩን የማያውቀው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ያልገባው ስሙ ብቻ ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ራሱን እንደ ደካማ ቆጥሮ ወደ መሸምደድ ይሄዳል።

እኛ ራሳችን በተማርንበት ክፍል፣ መምህሩ በኦሮምኛ አብራርቶ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ በሰሌዳ ይጽፍ ነበር። የሰማነው ይገባን ነበር፤ የገለበጥነው ግን አይገባንም ነበር። ለፈተና የሚቀርበው ደግሞ የገለበጥነው ነው።

፪. ስለ ፈተናው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ፈተናው ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀር ስለ ነበር መቅረቱን አንቃወምም። ሆኖም እንደ ደወል ያገለግል ነበር። ዛሬ ተማሪው ከ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ይህን የመሰለ ደወል አይሰማም፤ በ9ኛ ክፍል የጎደለውን የሚያውቀው በ12ኛ ክፍል ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በመላ አገሪቱ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወደቁት መካከል ለተመረጡት ቢሰጥም፣ የ4 ዓመት ጉድለት በጥቂት ወራት ይሞላል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። በወለጋ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ የገጠር ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፣ ሸክሙ ከሌላው ይከብዳል።

፫. ምን ቢደረግ ይሻላል?

አንደኛ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለየትምህርቱ አንድ ደብተር ይዞ፣ ገጹን ለሁለት ከፍሎ፣ ባንድ ወገን የኦሮምኛውን ቃል በሌላው የእንግሊዝኛውን ይጻፍ፤ ከሥሩም ፍቺውን በራሱ አነጋገር ያስፍር።

ሁለተኛ፣ ሒሳብን አያሳድር። ሌላው ትምህርት ቢያመልጥ ኋላ አንብቦ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ሒሳብ ግን እንደ ግንብ አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ የሚቆም ነው። በ9ኛ ክፍል የትሪጎኖሜትሪን መነሻ ያልጨበጠ ልጅ፣ ኋላ በፊዚክስ አንድን ኃይል በአቅጣጫ ከፍሎ ማስላት ያቅተዋል።

ሦስተኛ፣ በደቦ ማጥናት ይለመድ። ከገጠር ስንቅ ይዘው መጥተው በነቀምት ወይም በጊምቢ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አብረው ያድራሉ፤ አብረው ግን አያጠኑም። እርሻ በደቦ እንደሚታረስ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ለጓደኛው በእንግሊዝኛ ያስረዳ ተማሪ ነገሩን ሁለት ጊዜ ይማረዋል።

አራተኛ፣ መምህራን በ9ኛ ክፍል የመዠመሪያዎቹን ሳምንታት አዲስ ትምህርት ከመጀመር ይልቅ፣ ልጆቹ በ8ኛ ክፍል የሚያውቁትን ትምህርት በእንግሊዝኛ ለመድገም ቢያውሉት መልካም ነው።

በመጨረሻም ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ አለ። ከወለጋ የመጣን ተማሪዎች ክረምት ሲሆን ወደየቤታችን እንመለሳለን። 8ኛ ክፍልን ጨርሰው 9ኛን ለሚጠብቁ ልጆች በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሦስት ቀን ብናስተምር ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጠመኔና ፈቃድ ነው። በነቀምት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ በደምቢ ዶሎም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ የእነርሱም ተማሪዎች ቢተባበሩን ሥራው ይሰፋል። እኛ ድልድዩን የተሻገርነው አንዳንድ ሰዎች እጃችንን ይዘውን ነው፤ ከበስተኋላችን ላሉትም እንዲሁ ማድረግ ይገባናል። መምህሮቻችንም በዚህ አሳብ ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡን በአክብሮት እንለምናለን።