የኦርታንክ ሎግ፦ ለየትኛው ችግር ምን ያህል ዝርዝር?

የሲቲ ስካን መሣሪያው «መላክ አልተሳካም» ብሎ ያቆማል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ሰርቨሩ ሥራ ላይ ነው፣ ኔትወርኩም አልተቋረጠም። ሐኪሙ ምስሉን ይጠብቃል፣ ሕመምተኛው ደግሞ ሐኪሙን። እንዲህ ባለ ሰዓት መልሱ የሚገኘው ሰርቨሩ ስለ ራሱ ሥራ በየቅጽበቱ በሚጽፈው ሎግ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ ሎጉ የሚጽፈው እንዲጽፍ የተፈቀደለትን ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ኦርታንክን እንውሰድ። የሕክምና ምስሎችን የሚቀበል፣ የሚያስቀምጥና ለሌሎች የሚያስተላልፍ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በቤልጂየም፣ በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሴባስቲያን ዦዶኝ የጀመረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ተለቀቀ። ዦዶኝም ለዚህ ሥራው የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን የ2014 ሽልማት አግኝቷል። ይገባዋልም፤ በጀቱ ጠባብ የሆነ የራጅ ክፍል የፈቃድ ክፍያ ሳያስጨንቀው በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሊያስነሳው ይችላል። ከሲቲ፣ ከኤምአርአይና ከአልትራሳውንድ መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገረው በዳይኮም ነው፤ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡ መሣሪያዎች እንዲግባቡ ተብሎ የተዘጋጀና ከ1993 ጀምሮ በዚህ ስም የሚታወቅ ስታንዳርድ።

ኦርታንክ ሦስት የሎግ ደረጃዎች አሉት። ካልነኩት «ዲፎልት» ላይ ነው፤ ስህተትና ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጽፋል። «ቨርቦዝ» ሲደረግ ማን እንደተገናኘ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተቀመጠ ይጨምራል። «ትሬስ» ደግሞ የንግግሩን ውስጣዊ ዝርዝር ሳይቀር ያወጣል። ሁልጊዜ ትሬስ ላይ ትቶ መሄድ ጥንቃቄ የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። አልስማማም። አንድ የሲቲ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ሊኖሩት ይችላል፤ ኦርታንክም እያንዳንዱን ለየብቻ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ምስል ብዙ መስመር በሚጻፍበት ሎግ ውስጥ አንዲቷን ማስጠንቀቂያ ማን ያያታል? ሎጉና ምስሎቹ አንድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ደግሞ ሎጉ የምስሉን ቦታ ይበላል፤ ዲስኩ ሲሞላ ሰርቨሩ አዲስ ምስል መቀበል ያቅተዋል።

ከ1.8.1 ስሪት ወዲህ ደረጃውን በዘርፍ ለይቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ዳይኮም፣ ኤችቲቲፒ፣ የዳታቤዝ ሥራ፣ ፕለጊኖችና ሌሎችም ለየብቻ ይስተካከላሉ። የተበላሸው ከመሣሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ከሆነ ዳይኮምን ብቻ ትሬስ ላይ አድርጎ የቀረውን እንዳለ መተው ነው። ከሁሉ የምወደው ግን ይህ ለውጥ ሰርቨሩ ሳይቆም መደረጉን ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ችግር ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ይሰውረዋል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀርና በሌላ ቀን፣ ምናልባት በድንገተኛ ሕመምተኛ ላይ፣ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መንገድ የተቀየረ ደረጃ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ወደ ሲቲው እንመለስ። በዳይኮም ምስል ከመላኩ በፊት ሁለቱ ወገኖች ይደራደራሉ። ላኪው የምስሉን ዓይነትና የሚልክበትን የአጨማመቅ ዘዴ ያቀርባል፤ ተቀባዩ በየአንዳንዱ ላይ እሺ ወይም አይሆንም ይላል። ምስሉ በጄፔግ 2000 ብቻ ተጨምቆ ቢቀርብና ተቀባዩ ያንን እንዳይቀበል ቢዋቀር ኔትወርኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምንም አያልፍም። ዲፎልት ላይ ስለዚህ የሚታየው እምብዛም ነው። ትሬስ ላይ ግን የቀረበው ዝርዝርና የተሰጠው መልስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚጠራሩበት፣ ከ16 ፊደል የማይበልጠው ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ከሆነም እዚያው ይታያል። ስለዚህ ደረጃውን ከፍ ማድረግ፣ ከመሣሪያው አንድ ምስል ብቻ እንደገና መላክ፣ ወዲያው ዝቅ ማድረግ። የሚነበበው ጥቂት ገጽ ይሆናል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለዲስክ ቦታ ብቻ አይደለም። ዝርዝሩ በጨመረ ቁጥር ሎጉ ወደ ሰውየው ይቀርባል። ሐኪም ሕመምተኛን በስም ሲፈልግ ጥያቄው ከነስሙ ሎግ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የካርድ ቁጥርና የልደት ቀንም እንዲሁ። የምስሉን ማህደር ማን እንደሚከፍተው በጥብቅ የሚቆጣጠር ሆስፒታል የሎግ ፋይሉን ግን ማንም በሚከፍተው ፎልደር ውስጥ ትቶት ሊገኝ ይችላል። ፋይሉም እርዳታ ፍለጋ ተብሎ በኢሜይል ወደ ሌላ አገር ይላካል። ችግሩን በሙከራ ምስል ማስነሳት ከተቻለ የሚላከው የእሱ ሎግ መሆን አለበት። ካልተቻለ፣ የዳይኮም ስታንዳርድ 15ኛ ክፍል ማንነት እንዳይታወቅ ከምስል ላይ የሚወገዱትን መረጃዎች ይዘረዝራል፤ ኦርታንክም ምስሉን በዚያ መሠረት ማጽዳት ይችላል። ያ ግን ለምስሉ ነው። ሎጉን ከመላኩ በፊት መስመር በመስመር አንብቦ ስሙን ማጥፋት የላኪው ሥራ ነው።