ይግባኝና ሰበር ምንና ምን ናቸው?

በኢትዮጵያ በቤት ወይም በውርስ ክርክር የተረታ ሰው «እስከ ሰበር እሄዳለሁ» ሲል ይደመጣል። አነጋገሩ ሰበርን የመጨረሻው ይግባኝ ያስመስለዋል። በሕግ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱን ያላጤነ አቤቱታ ለአመልካቹ ከወጪና ከድካም በቀር የሚያስገኘው አይኖርም።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በፌዴራልም በክልልም ሦስት የፍርድ ቤት እርከኖችን አቁሟል፦ የመጀመሪያ ደረጃ (በክልሎች በአብዛኛው ወረዳ ይባላል)፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ይግባኝ በእነዚህ እርከኖች ወደ ላይ የሚወጣ አቤቱታ ነው። ይግባኝ ሰሚው ሕጉን ብቻ ሳይሆን ፍሬ ነገሩንና የማስረጃ ምዘናውንም መመርመር ይችላል።

የሰበር በር ከዚህ ይጠብባል። በዜና «ሰበር» የተለመደው በሌላ ትርጉም ነው፤ እዚህ የሚሰበረው ፍርዱ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘና «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» አለበት የተባለ ጉዳይን ብቻ ነው። «ምስክሮቼ አልታመኑልኝም» የሚል ወራሽ እዚያ ሰሚ አያገኝም፤ «ፍርድ ቤቱ ክሴን በማይመለከተው የይርጋ ድንጋጌ ዘጋብኝ» የሚል ግን ሊደመጥ ይችላል። አቤቱታውን አስቀድመው ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፤ ያለፈው ለአምስት ዳኞች ይቀርባል።

የፌዴራሉ ሰበር ችሎት ውሳኔ ከተከራካሪዎቹም አልፎ ይሄዳል። በ1997 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 454 ተደንግጎ፣ በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 በቀጠለው ሥርዓት መሠረት፣ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። በአንድ ቤተሰብ የውርስ ክርክር የተሰጠ ትርጉም የማይተዋወቁ ሰዎችን ጉዳይ የሚወስነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን የፍርድ ቤቶች ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች እንጂ ዳኞች የሚቀመጡበት አይደለም። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ሰብሳቢነት፣ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የመጨረሻው ድምፅ ግን የምክር ቤቱ ነው።

በውርስ ክርክር ያለፈቃዳቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተዳኙ ሴቶች ጉዳይ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሕገ መንግሥቱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አመልካቾቹ አለመስማማታቸውን ቢገልጹም በሰበር ችሎት መፍትሔ አላገኙም። በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል በማለት ሽሮታል።